ወረኢሉን በስሟ ብቻ አትፈልጊያት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ወረኢሉ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የከተማችንን ታሪክ አሰባስበን በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ኢንተርኔት ላይ የማገኘው የምኒልክን የክተት አዋጅ ብቻ ነው። ወረዳው ጋ ስጠይቅ ፋይሉ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል አሉኝ። የደሴ ሙዚየምም ተዘርፏል። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ተማሪዎችሽን ይዘሽ መነሳትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በመዝገብ መሃል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፤ ቡናሽን አቅርበሽ አንብቢው።

አንድ ነገር ላስቀድም። «ወረኢሉ» የሚል የተለጠፈበት ወፍራም ማኅደር የትም ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅሽም። የትናንሽ ከተሞች ታሪክ እንዲያ ሆኖ አይቀመጥም። ከከተማዋ ጋር ጉዳይ በነበረው ሰው ወረቀት ውስጥ ነው ያለው። ግብር የሰበሰበ፣ ክስ የሰማ፣ ክርስትና ያነሳ፣ ኒካህ ያሰረ፣ ጦር ያሰፈረ፣ መንገድ የቀየሰ፣ የእድር መዋጮ የተቀበለ ሁሉ የሆነ ነገር ጽፏል። ስለዚህ «ስለ ወረኢሉ ምን አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። «ከወረኢሉ ጋር ማን ምን ጉዳይ ነበረው? ጉዳዩንስ የት ጻፈው?» ብለሽ ተነሺ። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

ፋይሉ ጠፍቷል ያሉሽን አምናለሁ። ግን የጠፋው አንዱ ቅጂ ነው። አንድ የቆየ የመንግሥት ደብዳቤ አግኚና እግርጌውን ተመልከቺ። ፊርማና ማኅተሙ ካለቀ በኋላ «ግልባጭ» ይላል፣ ከሥሩ የመሥሪያ ቤቶች ስም ተደርድሯል። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ማንበብ ያቆማል፤ ለእኛ ግን ዋናው ያ ነው። በንጉሡ ዘመን የወረዳ ገዥ የጻፈው ደብዳቤ ወደ አውራጃው ይሄዳል፣ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ ደሴ ይልካል፣ ጉዳዩ ከበድ ካለ ጠቅላይ ግዛቱ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር አዲስ አበባ ያስተላልፋል፣ በየመንገዱ ደግሞ ለፖሊስ፣ ለገንዘብ ቤት፣ ለፍርድ ቤት ግልባጭ ይደርሳል። ራስጌው ላይ ቁጥርና ቀን አለ። ያ ቁጥር በላኪው የወጪ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ተጽፏል፣ በተቀባዩ የገቢ መዝገብ ላይ ሌላ መስመር። እንግዲህ አንድ ደብዳቤ ወረኢሉ ላይ ቢቃጠል እንኳ ሌላ አራት አምስት ቦታ ዱካ ትቷል ማለት ነው። ደብዳቤው ራሱ ባይገኝ የወጪ መዝገቡ ላይ ያለችው «ስለ ገበያ ቦታ አቤቱታ» የምትል አንዲት መስመር ራሷ ታሪክ ናት። ገበያው በዚያ ዓመት አከራክሮ ነበር ማለት ነዋ።

ለዚህ ነው አስተዳደራዊ አቀማመጡን ቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ። ወሎ ጠቅላይ ግዛት በንጉሡ ዘመን አሥራ ሁለት አውራጃ ነበረው፤ ደሴ ዙሪያ፣ አምባሰል፣ ቃሉ፣ ቦረና፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ኢሉ፣ የጁ፣ ራያና ቆቦ፣ ላስታ፣ ዋግ፣ ዋድላ ደላንታ እና አውሳ። ወረ ኢሉ የአውራጃ ስም ነው። ይህ ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም የአውራጃ ከተማ ፍርድ ቤት አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ገንዘብ ቤት አለው፤ ሁሉም ይጽፋል። ችግሩ «ወረኢሉ» ሲባል አንዳንዴ ከተማዋ፣ አንዳንዴ ወረዳው፣ አንዳንዴ አውራጃው መሆኑ ነው። ተማሪዎችሽ ማስታወሻ ሲይዙ የትኛው እንደሆነ ካልለዩ ከሩቅ ቀበሌ የመጣን የመሬት ክርክር የከተማዋ ታሪክ ያደርጉታል። አጻጻፉንም ለዋውጠሽ ፈልጊ። ወረ ኢሉ፣ ወረኢሉ፣ ወረይሉ። በላቲን ፊደል ደግሞ እንግሊዞቹ በ«ደብልዩ» ይጀምሩታል፣ ጣሊያኖች በ«ዩ» ነው የሚጀምሩት፤ የኛን «ወሎ» ራሱ እንዲያ ነው የሚጽፉት። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ከፈለግሽ ግማሹ ያመልጥሻል።

አዲስ አበባ መሄድ ከቻልሽ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ። ሌላው ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ከትምህርት ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዢ አትሂጂ። ደብዳቤው ላይ «ለጥናት» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፤ ምን ዓይነት ሰነድ፣ ከየትኛው ዘመን፣ ስለየትኛው አውራጃ እንደምትፈልጊ ይጻፍበት። መዝገብ ቤት ያለ ሠራተኛ የሚረዳሽ ምን ማውጣት እንዳለበት ሲያውቅ ነው።

ስድስት ኪሎ ስትደርሺ ግን ወደ ማኅደር ከመሮጥሽ በፊት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ጠይቂ። ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ስለየትውልድ አካባቢያቸው ይጽፉ ነበር፤ ስለ ትናንሽ ከተሞችም ብዙ አለ። አሁን ወሎ ዩኒቨርሲቲም አለ፣ እዚያም ጠይቂ። ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ አንዳንዶቹ በታይፕ የተመቱ፣ ገጻቸው የደበዘዘ። ዋና ጽሑፉን ማንበብ ጥሩ ነው፤ የኔ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። እዚያ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ አንዳንዴም «ስለ ከተማዋ አመሠራረት ጥሩ እውቀት አላቸው» የሚል አስተያየት። በ1970ዎቹ ዕድሜያቸው ሰማንያ የነበረ ሽማግሌ የተወለዱት በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ማንም ሊያገኛቸው አይችልም። የነገሩት ግን እዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለ፣ ስማቸውን ይዘሽ ወደ ወረኢሉ ስትመለሺ ደግሞ ልጃቸውን ወይ የልጅ ልጃቸውን ታገኛለሽ። «አባታችሁ ለአንድ ተማሪ እንዲህ ብለው ነበር» ብለሽ ስታነቢላቸው ሳጥን የማይከፍት ቤተሰብ የለም። የግርጌ ማስታወሻዎቹም እንደዚሁ ናቸው። የትኛው መዝገብ ቤት፣ ስንተኛው ማኅደር፣ ስንተኛው ፋይል የሚለውን አንድ ሰው ለፍቶ ጽፎልሻል።

ከታተሙት ውስጥ ነጋሪት ጋዜጣን አትናቂ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣ ነበር። የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74/1937 ከከተሞች ዝርዝር ጋር ወጥቷል፤ ወረኢሉ እዚያ አለች ወይስ የለችም፣ ካለችስ በየትኛው ደረጃ? ተማሪዎችሽ ራሳቸው ይፈልጉት። አዲስ ዘመን ጋዜጣም ከ1933 ጀምሮ አለ፤ የጠቅላይ ግዛት ዜናው ውስጥ ትምህርት ቤት ተመረቀ፣ ድልድይ ተሠራ፣ ገዥ ተሾመ የሚሉ ሁለት ሦስት መስመር ዜናዎች ይገኛሉ። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1960 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው የወሎ የይዞታ ጥናት ዘገባም መሬቱ በማን እጅ እንደነበር ለማየት ጥሩ ነው። የሕዝብ ቆጠራዎቹ ደግሞ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ናቸው፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገሽ የከተማዋን እድገት በአንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ማሳየት ትችያለሽ።

አሁን ወደ ከተማሽ እንመለስ፤ ብዙው ያለው እዚያው ነው።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፣ ሐምሌ 19 ቀን። ይህ አዋጅ ለስንቱ ቤተሰብ ሐዘን እንደነበር አውቃለሁ። ለታሪክ ፈላጊ ግን የተወው ወረቀት ወደር የለውም። ቤት ያለው ሁሉ ቤቱን ማስመዝገብ ነበረበት፤ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ትርፍ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ከዚያ ዘመን የቀረ የቤት ማኅደር ካገኘሽ የባለቤቱን ስም፣ የክፍሉን ብዛት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ሣር፣ ኪራዩን፣ ማን እንደተከራየውና ቤቱ ሱቅ ይሁን ጠጅ ቤት ይሁን መኖሪያ ልታነቢበት ትችያለሽ። እነዚህን በወረቀት ላይ ቤት በቤት ብታስቀምጪያቸው የ1967ቷ ወረኢሉ መንገድ ለመንገድ ትነሳልሻለች። ወረዳው ጠፋ ቢልሽ ማዘጋጃ ቤቱንና ቀበሌውን ለየብቻ ጠይቂ፤ የይዞታ ማኅደር ዛሬም ለክርክር ስለሚፈለግ ከሌላው ወረቀት ይልቅ ተጠብቆ የመቆየት ዕድል አለው። ሰዎች ቤት ደግሞ የግብር ደረሰኝ አለ። «ለም»፣ «ለም ጠፍ»፣ «ጠፍ» የሚል የመሬት ደረጃ የተጻፈበት አሮጌ ደረሰኝ ማንም አይጥልም፣ የርስት ማስረጃው ነውና በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያኖረው።

የእድር መዝገብ! ይህን ማንም አያስበውም። መስመር የተሰመረበት ትልቅ ደብተር፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ጸሐፊው ሲለወጥ የእጅ ጽሑፉም የሚለወጥ። የአባል ስም፣ የከፈለው፣ የቀረበት ቀን፣ የተቀጣው፣ ማን ሞተና ምን ያህል ተሰጠ። አንድ የቆየ የእድር መዝገብ ይዘሽ የሟቾቹን ወር ብቻ ብትቆጥሪ ወረርሽኝ ወይ ረሃብ የገባበትን ዘመን ቁጥሩ ራሱ ይነግርሻል። ወሎ ላይ 1965 እና 66ን፣ ከዚያ ደግሞ 1977ን የማያውቅ የለም፤ ከተማዋ ውስጥ እንዴት እንዳለፈ ግን በሰው ስም የተጻፈው እዚህ ነው። መዋጮው ከሳንቲም ወደ ብር የተሸጋገረበትን ዓመት ተመልከቺ፣ የኑሮ ውድነቱንም ታያለሽ። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አብረው የገቡበት እድር ካገኘሽ ደግሞ ያንን ለዐውደ ርእዩ መሃል ላይ ነው የማስቀምጠው። ስለ አብሮ መኖር በሰፊው ከምንናገር ሁለቱም ስም በአንድ ገጽ ላይ ተከታትሎ፣ እኩል ከፍሎ ሲታይ ይበልጣል።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የደብሩን አለቃ አስፈቅጂና ስለ ወንጌሉ ጠይቂ። በአገራችን ወንጌል መዝገብም ነበር። ርስትና ጉልት የተሰጠው፣ የተሸጠው፣ የተማለበት ሁሉ በኅዳጉና በባዶው ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም ደፍሮ አይፍቀውም። የዚህ ትልቁ ምሳሌ እዚያው ወሎ ነው ያለው፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጻፈ ነው፣ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ሠፍሮበታል። ከሐይቅም ሆነ ከሌሎች የወሎ አድባራት ብዙ ብራናዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥተዋል። ያ ሥራ በጠቅላላው ከ9,000 በላይ ብራና አንሥቷል። ፊልሙ ወመዘክር አለ፣ አሜሪካ ሚኔሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍትም ዲጂታሉን በነፃ ተመዝግቦ ለሚገባ ሰው ኦንላይን ከፍቶታል። የወረኢሉ አካባቢ አድባራት እዚያ መኖር አለመኖራቸውን ከስልክሽ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። ኅዳግ ላይ ያለውን ለማንበብ መሪጌታ ያስፈልግሻል፤ አጻጻፉ የተጨናነቀ ነው፣ ግእዝና አማርኛም ይቀላቀላል።

መስጊድና የሼሆቹን ቤት ከዘለልሽ ግን የወሎን ግማሽ ታሪክ ዘለልሽ። ይህን ስህተት ከአዲስ አበባ የሚመጡ አጥኚዎች ሲሠሩት ኖረዋል፣ ዐረብኛ አላነበቡምና። ወሎ እነ ዳናን፣ እነ ጀማ ንጉሥን፣ እነ ሾንኬን የመሰሉ የእውቀት ቦታዎች ያሉበት አገር ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዐጀሚ የምንለው፣ በየቤቱ አለ። መንዙማዎቹ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም አለ፣ ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ። ቁርኣንና ኪታብ መጨረሻ ላይ የልጅ ልደት፣ የአባት ሞት፣ ኪታቡ ከማን እንደተገዛ በሒጅራ ቀን የሚጽፍ ቤተሰብም አለ። አንቺ ማንበብ ባትችይ አንድ ደረሳ፣ የቁርኣንና የኪታብ ተማሪ፣ ይዘሽ ሂጂ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ተማሪዎችሽ ይጻፉ። ዐጀሚ ሲነበብ አማርኛው ያው የራሳችን አማርኛ ነው። ዱበርቲዎቹን፣ ለዱዓ የሚሰበሰቡትን እናቶችም አትርሺ፤ ወንዶቹ ሹመትና ዘመቻ ሲነግሩሽ ገበያው መቼ ከየት ወዴት እንደተዛወረ፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ የማን ቤት እንደተቃጠለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስለ ደሴ ሙዚየም። ሕንፃው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉም እውነት ነው፣ ያንን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ነገር ግን ሙዚየም ሁለት ነገር ነው፣ ዕቃውና ስለ ዕቃው የተጻፈው። አንድ ጋሻ ወይ አንድ ነጋሪት ሲገባ ከማን፣ ከየት፣ መቼ እንደመጣ በቅጽ ይመዘገባል። ስለዚህ ጥያቄሽን ቀይሪው፤ «ምን ዕቃ ቀራችሁ?» ሳይሆን «ከወረኢሉ አውራጃ የመጣ ዕቃ ተመዝግቦ ነበር ወይ?» በያቸው። ቅርስ የመመዝገብ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ስለሆነ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም፣ የዞኑን፣ የክልሉን፣ አዲስ አበባ ያለውን የቅርስ ባለሥልጣን በየተራ ጠይቂ። የተዘረፈ ዕቃ ቅጹና ፎቶው ካለ ለዐውደ ርእይሽ ይበቃል፤ ደግሞም አንድ ቀን የሆነ ገበያ ላይ ብቅ ቢል የኛ ነው ለማለት የሚያስችለው ያ ቅጽ ነው። ደሴ ድረስ ከሄድሽ አይቀር ከሙዚየሙ አስጎብኚዎችም ጋር ቁጭ በዪ። ሙዚየሙን ከበፊት ጀምሮ የሚያውቁት የትኛው ዕቃ በየትኛው መስኮት ሥር እንደነበር ይነግሩሻል።

የጣሊያን ዘመን አምስት ዓመት ቢሆንም ካርታና ፎቶው ብዙ ነው። ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ተይዛ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው ነፃ የወጣችው። በዚያ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ከ8 ሺህ በላይ የፎቶ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ተገኝተው ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል። መሥሪያ ቤቱ አሁን ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል። ወረኢሉን የሚሸፍን ሰሌዳ ካለ ጠይቂ። ከተገኘ የጣሊያን ዘመኑን ፎቶ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጎን ስታስቀምጪው ተማሪዎችሽ ከፊቱ አይነሱም። ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመንገድ መሪ መጽሐፍም በየመንገዱ ያለውን ከተማ ይገልጻል። ግን አንብቢው ተጠንቅቀሽ፤ የቅኝ ገዥ መጽሐፍ ነው፣ የሠራውን ያጎላል፣ ያገኘውን ያሳንሳል።

የመቅደላን ብራናዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 1860 ላይ እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ፣ 350 ያህል ናቸው፣ ብዙዎቹም ኦንላይን ወጥተዋል። መቅደላ ወሎ ቢሆንም መጻሕፍቱን ቴዎድሮስ አብዛኛውን ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ናቸው። ለአንቺ ሥራ ጊዜሽን አታባክኚባቸው።

ቀን ላይ ግን ቆም በይ። የምታገኚው ወረቀት በኛ፣ በፈረንጅ፣ በሒጅራ፣ የጣሊያኑ ደግሞ በፋሺስት ዘመን የተቆጠረ ሊሆን ይችላል። ፋሺስቶቹ ዓመታቸውን ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይጀምሩና በሮማን ቁጥር ይጽፋሉ፤ አሥራ አራተኛው ዓመት ማለት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ነው። ሌላው፣ ከ1892 ዓ.ም. በፊት ያለ ቀን በዛሬው ሒሳብ ሲመነዘር በአንድ ቀን ይዛነፋል። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896፤ ዛሬ የካቲት 23 ግን ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። የውጫሌ ውልም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሜይ 2 ነበር፣ ዛሬ ሜይ 3 ላይ ይውላል። ተማሪዎች ይህን ሳያውቁ «ምንጮቹ ይጋጫሉ» ብለው ይጽፋሉ። ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጡ፣ የተመነዘረውን ከጎኑ ጻፉ።

ያገኘሽውን የክተት አዋጅም ቢሆን አትተዪው። ምኒልክ በመስከረም 1888 ሲያውጁ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» አሉ። ሁሉም ይህን በኩራት ይጠቅሰዋል፣ እኔም ስሰማው ደረቴ ይነፋል፤ ግን ለምን ወረኢሉ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወረኢሉ በሰሜን በኩል ምሽጋቸው ነበረች። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተብለው፣ ወሎ መልኩ ሲለወጥም ወረኢሉ የሸዋ መውጫ በር ሆና ቀጠለች። ያ ሁሉ ጦር ሲከት የት ሰፈረ? እህሉ ከየትኛው አገር መጣ? ማን ፈጨው? በቅሎው የት ዋለ? እነዚህን ይዘሽ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂጂ። የሰፈርና የመስክ ስሞችን በካርታ ላይ አስፍሪ፤ ድንኳን የተተከለበት፣ ጎተራ የነበረበት፣ ፈረስ የታሰረበት ቦታ ስሙ ላይ ይቀራል። የአፍ ታሪክ ግን ከአንድ ሰው ብቻ አትቀበዪ። የተለያየ ሰፈርና የተለያየ ወገን ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች ለየብቻ ይንገሩሽ፣ አንድ ላይ ከተቀመጡ ትልቁ የተናገረውን ሌሎቹ ይከተላሉ።

ስለ ዐውደ ርእዩ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ዋናውን ሰነድ ከማንም ቤት አትውሰዱ። በጥሩ ብርሃን፣ ፍላሽ ሳታበሩ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ በስልክ አንሡት፣ ጀርባውንም አንሡ፤ ፎቶ ከሆነ ስሙና ቀኑ ያለው ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው። ብራናና አሮጌ ወረቀት በላሚኔሽን አይሸፈን፣ በስኮች አይጠገን፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ከየምስሉ ሥር ከማን ቤት፣ ማን እንዳነሳው፣ መቼ የሚል ይጻፍ። የቅርቡን ጦርነት፣ የመሬት ክርክርንና የሰውን ዘር የሚነካ ወረቀት ካጋጠማችሁ ቅጂውን አስቀምጡት እንጂ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። የቤቱ ሰዎች አሉ፣ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። የሰበሰባችሁትን ሁሉ በሦስት ቦታ አኑሩ፤ አንዱ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ከወሎ ውጪ። የወረዳው ፋይል ከነግልባጩ አንድ ከተማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ነገር አይኖርም ነበር።

በዚህ ሳምንት ተማሪዎችሽ አንዳንድ ወረቀት ከየቤታቸው ፎቶ አንሥተው ይምጡ። የግብር ደረሰኝም ይሁን የጋብቻ ውል፣ የአያት መታወቂያም ይሁን የእድር ገጽ፣ ምንም ይሁን። ያላነበባችሁት የእጅ ጽሑፍ ካለ ላኪልኝ፣ አብረን እንፈታዋለን።